የቅኔ ተማሪውና የፊታውራሪ ልጅ

በጎጃም፣ በቢቸና አቅራቢያ ያለችው ዲማ ጊዮርጊስ ከጥንት ጀምሮ ስሟ በሁለት ነገር ሲነሣ ኖሯል፤ አንዱ ገዳሟ ነው፣ ሁለተኛው የቅኔ ጉባኤዋ ነው። በ1958 ዓ.ም. ግን ሦስተኛ ነገር ተጨመረላት። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብለው ያሳተሙት ልብ ወለድ ታሪክ ዋናውን ነገሩን በዚያች አገር ላይ ስለ መሠረተ፣ ዲማን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የከተማ ሰው እንኳ የፊታውራሪ መሸሻን ግቢ እንደ ጎረቤቱ ቤት ያውቀው ጀመር። መጽሐፉ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ስለ ፍቅሩ ነው። እዚህ ላይ የሚመረመረው ግን ታሪክነቱ ነው፤ ይኸውም በዛብህን ከሰብለ ወንጌል የለየው አጥር በጎጃም ምድር በእርግጥ የቆመ አጥር ነበርን? ቆሞስ ከነበረ ለማን ክፍት፣ ለማን ዝግ ነበር? የሚለው ጥያቄ ነው።

ደራሲው ይህን አገር ከውጭ ሆነው የተመለከቱ ሰው አልነበሩም። በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ከተማ አጠገብ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ፤ አባታቸውም ካህን ነበሩ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዚያችው በዲማ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተማሩ። ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ወጥተው ዘመናዊውን ትምህርት ቀጠሉ። ኢጣልያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ጦር ጋር ዘምተው በ1929 ዓ.ም. ተማረኩ፤ ባሕር ተሻግረውም ሰባት ዓመት ያህል በኢጣልያ ታሰሩ። ከእስር ከተፈቱ በኋላ በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ መልእክተኛ፣ የትምህርት ሚኒስትር፣ በለንደንም አምባሳደር ሆነው አገልግለዋል። በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። እንግዲህ ደራሲው ራሳቸው ከካህን ቤት ተነሥተው ከነገሥታት አደባባይ የደረሱ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን በዛብህን በዚህ መንገድ አልመሩትም። በዛብህን ያቆዩት በአሮጌው ትምህርት ቤትና በአሮጌው ዘመን ውስጥ ነው፤ በዚያ ዘመን ለተማረ ድኃ የተከፈተው በር የት ድረስ እንደሚያስገባ ለማሳየት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የታሪኩ ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው። በማንኩሳ የሚኖሩ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የሚባሉ ባልና ሚስት በዛብህ የሚባል አንድ ልጅ ወለዱ። ሕፃኑ በበሽታ ስለ ተሠቃየ፣ ቢድንላቸው ዕድሜውን ሁሉ ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ተሳሉ። ልጁ ዳነ፤ አደገ፤ ቅኔ ተማረ፤ በዲማም የተመሰገነ ሊቅ ሆነ። ፊታውራሪ መሸሻ ዘሩን እየቈጠረ ለልጁ ለሰብለ ወንጌል የሚመጣውን ባል ሁሉ «አጥንቱ አይበቃም» እያለ ሲመልስ የማግባቷ ጊዜ ዐለፈ። በዛብህም ያስተምራት ዘንድ ወደ ቤት ተጠራ። መምህርና ተማሪ ተዋደዱ። ነገሩ በታወቀ ጊዜ በዛብህ ሸሸ፤ እርሷም በኋላ ቤቷን ጥላ ወጣች፤ የተገናኙትም እርሱ በመንገድ ላይ በሽፍቶች ተመትቶ በሞት አፋፍ ሳለ ነው። እርሷ መንኵሳ ከመቃብሩ አጠገብ ቀረች።

ይህን ሁሉ አንባቢ ያውቀዋል። ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው ግን የመጽሐፉን መጀመሪያ ነው። የበዛብህ ወላጆች ጋብቻ ራሱ በሀብት እኩል ያልሆኑ ሰዎች ጋብቻ ነበር። ውድነሽ ባሎቿ እየሞቱ «ገፊ ናት» የተባለች፣ ነገር ግን ሀብት የነበራት ሴት ናት፤ ቦጋለ ደግሞ ከጉልበቱና ከእጁ ሙያ በቀር ያልነበረው ድኃ ነው። ሴቲቱ ራሷ የራሷ እመቤት ስለ ነበረች ድኃውን አገባችው፤ መንደሩ ቢያማ እንኳ የከለከላት አልነበረም። እንግዲህ ደራሲው የመጽሐፉን በር የከፈቱት ድኃና ባለጸጋ ሊጋቡ እንደሚችሉ በማሳየት ነው። የፊታውራሪውን ግቢ ከዚህ ጋር አስተያይቶ ማንበብ ይገባል።

የጎጃም የርስት ሥርዓት ይህን ነገር ያስረዳል። በዚያ አገር ርስት የሚወረሰው በአባት ብቻ አይደለም፤ በእናትም ነው፤ ሴት ልጅም እንደ ወንድ ትካፈላለች። ምድሪቱን መጀመሪያ የያዘው ሰው ዋና አባት ይባላል፤ ከእርሱ መወለዱን የሚያስረዳ ሁሉ ከምድሩ ድርሻውን ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት የጎጃም ባላገር ትውልድ መቍጠር የሚያውቅ፣ በትውልድ ቈጠራም የሚሟገት ሕዝብ ነው። አንድ ገበሬ አያቶቹን ወደ ላይ እየቈጠረ ሲሄድ፣ ጌታውም እንዲሁ እየቈጠረ ሲሄድ፣ ሁለቱ ከአንድ ዋና አባት ላይ የሚገናኙበት ጊዜ ነበር። ገበሬውም ርስቱን ይዞ ሳለ ራሱን ጨዋ እንጂ ባርያ አድርጎ አይቈጥርም። ጌታውን ከገበሬው የሚለየው ርስቱ ሳይሆን ጉልቱ ነው፤ ይኸውም ከሰው ርስት ላይ ግብር የመቀበል፣ ሁዳድ የማሳረስና የመዳኘት ሥልጣን ነው። ጉልትና ሹመት ደግሞ ከበላይ ጌታ የሚሰጥ፣ ተመልሶም የሚነጠቅ ነገር ነው። እንግዲህ የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ዘር ቢሆንም፣ የትዕቢቱ መሠረት ሹመት ነው። አጥንት የሚቈጥር ሰው ብዙ ጊዜ የሚቈጥረው የአያቶቹን ሹመት ነው፤ ወደ ላይ ጥቂት ቢጨምር ከጭሰኛው አያት ላይ እንዳይወድቅ የሚፈራበት ስፍራ ይመጣልና እዚያ ላይ ያቆማል።

አጥሩ ይህን ያህል ስስ ከሆነ ታዲያ በዛብህን ምን ከለከለው? የታሪክ መጻሕፍት ሲመረመሩ የሚገኘው መልስ ይህ ነው፤ አጥሩ በር ነበረው፣ በሩ ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ ይከፈት ነበር።

ወንድ ጌታ ከታች ሴት ሲያነሣ ማንም አይገደውም ነበር። የተወለደውም ልጅ አባቱ ከተቀበለው ጌታ ይሆናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት ከንጉሥ ኃይለ መለኮትና በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ቤት በአገልጋይነት ከነበሩት ከወይዘሮ እጅጋየሁ ነው። ይህ ትውልዳቸው ከሸዋ ዙፋንም ከኢትዮጵያ ዘውድም አላስቀራቸውም። በጎጃምም ቢሆን፣ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ የነገሡትና ደብረ ማርቆስን መናገሻቸው ያደረጉት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሥርዓት ካገቧት ሚስት ውጭ የወለዷቸው ልጃቸው ራስ ኃይሉ እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ አገሩን ገዝተዋል። ከደብረ ማርቆስ እስከ ዓባይ ድረስ ለራስ ኃይሉ ያልሰገደ ባላባት አልነበረም፤ እናታቸውን እየጠየቀ ከግብር አዳራሻቸው የቀረም አልተሰማም። የአባት ስም የእናትን ይሸፍናል። የእናት ስም ግን የአባትን አይሸፍንም፤ የባላባት ልጅ ከድኃ ብትወልድ ልጁ የድኃው ልጅ ነውና። ሴቲቱ የቤቱ ክብር የሚጠበቅባት ማኅተም ተደርጋ ትቈጠራለች፤ ማኅተም ደግሞ ለሌላ አይሰጥም።

ከዚህ ሕግ የወጣ ከተገኘ በጦር የወጣ ነው። ካሣ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ በልጅነታቸው በገዳም ፊደል ቈጥረው፣ በጕልምስና ሸፍተው፣ በየጊዜው የሚላክባቸውን ጦር እየመቱ ባስቸገሩ ጊዜ ራስ ዓሊ በኃይል ያልያዟቸውን በጋብቻ ሊይዟቸው ፈልገው ልጃቸውን ተዋበችን ሰጧቸው። ጠላቶቻቸው እናታቸውን በኮሶ ሻጭነት እየሰደቡ ሳለ የራስ ልጅ አገቡ። ደግሞም ያ ጋብቻ ከተዋበች በኩል የታመነ ፍቅር ሆነ፤ ካሣ አማታቸውን በ1845 ዓ.ም. በጎጃም ምድር በአይሻል ድል በነሡ ጊዜ እርሷ ከባሏ ወገን እንጂ ከአባቷ ወገን አልነበረችም። በ1850 ዓ.ም. እስክትሞትም ድረስ እንዲሁ ኖረች። እንግዲህ በዚያው አገር ሰይፍ የከፈተው በር ነበር። ካሣ ግን ሚስት ያገኙት በተማሩት ዳዊት አይደለም። ዳዊት የደገመ ሁሉ ሚስት ከራስ ቤት ቢያገኝ ኖሮ የጎጃም ዋሻና ጎጆ ሁሉ ባዶ በቀረ ነበር።

ለባላባት ልጅ ጋብቻ ማለት የፍቅር ነገር ሳይሆን የመንግሥት ነገር ነበር። ይህም ለሴቲቱ ብቻ አይደለም፤ ለወንዱም ነው፤ ነገር ግን ወንዱ ሌላ መጽናኛ ይፈቀድለታል። ሰብለ ወንጌል የሚለው ስም ራሱ ይህን ያስታውሳል። ትርጓሜው የወንጌል አዝመራ ማለት ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት የዐፄ ልብነ ድንግል ንግሥት የነበሩት እቴጌ ሰብለ ወንጌል ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከግራኝ ጦርነት ጋር ታግለው የፖርቱጋልን ወታደሮች የተቀበሉ ሴት ናቸው። ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ደግሞ የራስ ኃይሉ ልጅ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ለልጅ ኢያሱ ተድራ ነበር፤ ጎጃምን ከሸዋ ቤተ መንግሥት ጋር ለማሰር። እንግዲህ ስሙ የትልቅ ቤት ስም ነው፤ የተጠሩበት ሴቶች ጋብቻም የመንግሥት ምክር ነበር። የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ በዚህ ስም ስትጠራ በአባቷ ዘንድ ምን እንደ ታሰበላት አንባቢ ወዲያው ያውቃል። በአንጻሩ የበዛብህ ስም ባላገር ነው፤ ሰሙ በረከት ሲሆን ወርቁ መከራ ነው፤ ጸጋው በዛብህ ቢሉት ይሆናል፣ ሥቃዩ በዛብህም ቢሉት ይሆናል።

አሁን ወደ ቅኔው ቤት እንመለስ፤ የነገሩ እንብርት እዚያ ነውና።

በጎጃም የቅኔ ጉባኤ፣ በዲማም ሆነ በደብረ ኤልያስ፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ ተማሪ የሚመዘነው በማን ልጅነቱ አልነበረም። ሲመጣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በትር ይዞ ይመጣል። የባለጸጋ ልጅ ቢሆንም እንኳ ከቤቱ ስንቅ እየተላከለት የሚማር ከጓደኞቹ ዘንድ አይከበርም፤ በየደጁ ስለ እመቤታችን ስም እየለመነ ቍራሽ ማግኘት የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው። ውሻ ነክሶት ያልተማረ ቅኔው አይጥምም ይባላል። ቀን በየዛፉ ሥር፣ በየቋጥኙ ጥግ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል፤ ማታ ከአስነጋሪው ወይም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። ቤት ካልመታ፣ አገባቡ ከሳተ፣ ምሥጢሩ ካልተያያዘ ቅኔው ይበላሽበታል፤ የደጃዝማች ልጅ ቢሆንም ይበላሽበታል። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴ እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ፣ ከዚያም እስከ ዕጣነ ሞገር ይወጣል። መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደ ሆነ፣ መምህሩ የማንን ቅኔ እንዳደነቀ ጉባኤው ሁሉ ያውቃል። የሸማኔ ልጅ ሊቅ ሆኖ የባላባት ልጅ ከእግሩ ሥር ሊቀመጥ ይችላል። ወንበር የተተከለለት መምህርም በደጃዝማቹ ፊት ቆሞ ቅኔ ሲዘርፍ፣ ጌታውን በሰሙ እያመሰገነ በወርቁ ቢገሥጸው እንኳ ሽልማት እንጂ ቅጣት አይደርስበትም ነበር፤ ነገሩ የገባው ጌታ ከሆነ መቼም።

በዚያ አገር ከዚህ የተሻለ የእኩልነት ስፍራ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይደለም። ለዚህም ነው የበዛብህ ነገር የሚያሳዝነው። ከድኃ ልጅነት ተነሥቶ በጉባኤው ላይ የወጣው በሐሰት አይደለም፤ በሚገባ ነው። ዲማ ሁሉ አክብሮታል። ፊታውራሪውም ራሱ ለልጁ መምህርነት የመረጠው ስላከበረው ነው። ነገር ግን አክብሮቱ ልክ ነበረው፤ ሊቁ ከእልፍኝ ገብቶ መጽሐፍ ዘርግቶ እንዲቀመጥ ይፈቀድለታል፣ ከማዕዱም ይጋበዛል፣ ይሸለማልም፤ የቤቱ ልጅ ግን መሆን አይችልም። ለገበሬው ከበሩ ውጭ ያለው አጥር ለሊቁ ከእልፍኙ ውስጥ ነው የተተከለው። ውስጥ ድረስ ያልገባ ሰው ደግሞ ይህን አጥር አያየውም።

መኳንንት ሴቶች ልጆቻቸውን በቤታቸው መጽሐፍ ማስተማራቸው ከጥንት የኖረ ልማድ ነው፤ ዳዊት የሚደግሙ፣ የሚጽፉም ወይዛዝርት ነበሩ። ቅኔውን እንኳ የደረሱበት ሴቶች አልጠፉም፤ በቅርቡ ዘመን ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በዚያው በጎጃም ወንበር ተክለው ለወንዶች ቅኔ አስተምረዋል። ሰብለ ወንጌል ግን እንድትማር የተፈለገው ሊቅ እንድትሆን አይደለም፤ ለሚመጣው ባል የሚበቃ ጌጥ እንዲጨመርላት ነው። መምህሩ ያንን ጌጥ የሚያበጅ አንጥረኛ ነበር ማለት ነው። አንጥረኛ የሠራውን ጌጥ ለራሱ አያስቀርም ተብሎ ይታመናል።

ስለ ስለቱ ነገርም ዝም ማለት አይገባም፤ በዛብህን የከለከለው የፊታውራሪው ዘር ብቻ አልነበረምና። የወላጆቹ ስለት በልቡ ላይ ሌላ አጥር ሆኖበት ነበር። ሰብለ ወንጌልን ባሰበ ቍጥር እግዚአብሔርን የከዳ ይመስለው ነበር። ይህ ነገር ካህናት አንባቢዎችን ይመለከታል። የመጀመሪያይቱ ስእለተኛ እናት ሐና ናት፤ ታሪኳም በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ፣ መጽሐፈ ሳሙኤል በተባለው፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ ተጽፏል። ልጇን ለእግዚአብሔር ሰጠች፤ በራሱም ላይ ምላጭ እንዳይደርስ ተሳለች። ነገር ግን ሳሙኤል ሚስት እንዳያገባ አልተሳለችም፤ በዚያው መጽሐፍ በስምንተኛው ምዕራፍ ኢዮኤልና አብያ የሚባሉ ልጆቹ ተጠርተዋል። የውድነሽ ስለት ከሐና ስለት ላይ ጨምራለች ማለት ነው፤ የጨመረችውም ከራሷ ሳይሆን ከልጇ ዕድሜ ነው። በኦሪት ዘኁልቍ በ30ኛው ምዕራፍ ስለ ስእለት ሲነገር አባት የልጁን ስእለት የሚያፈርስበት ቀን እንኳ ተወስኗል፤ እናት የልጇን ምንኵስና የምትሳልበት ትእዛዝ ግን በዚያ የለም። ቤተ ክርስቲያንም መነኵሴን በአመክሮ ሳትፈትን፣ ፈቃዱንም ሳትጠይቅ አታመነኵስም። በመጽሐፈ መሳፍንት የዮፍታሔ ስእለት ያረፈው ባልተጠየቀች ልጅ ላይ ነበር፤ አባትየውም ልብሱን ቀደደ እንጂ አልተመካበትም። እንግዲህ ሐዲስ ዓለማየሁ በስለቱ ላይ የጻፉት ክህደት ነው የሚል ካለ መጻሕፍቱን መልሶ ቢመለከት ይሻላል። ደራሲው የነቀፉት ስእለትን አይደለም፤ ሌላው ሰው የሚከፍለውን ስእለት ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ የሚያማቸው ካህናትም አሉ፤ ከጌታው ማዕድ እየበሉ የጌታውን ግፍ በጸሎት የሚያለሰልሱ። ይህ አንዳንድ ሰዎችን ቅር ያሰኛል። ነገር ግን ጉዱ ካሣ የተባለው ሰው፣ ራሱ ከባላባት ወገን ሆኖ ሳለ የወገኖቹን ሥርዓት እስከ መሠረቱ የሚነቅፈው፣ ዐዋቂዎች ሁሉ እንደ እብድ የሚያዩት ሰው፣ በበዛብህ ላይ ተስፋ የጣለው በበዛብህ ትምህርት ምክንያት ነው። ከዲማ ሰዎች ሁሉ መካከል ሊነጋገርበት የሚችል ጆሮ ያገኘው ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ዘንድ ነው። ደራሲው ካህናትን ብቻ ለመንቀፍ ቢፈልጉ ኖሮ ለጉዱ ካሣ ሌላ ወዳጅ በፈለጉለት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ ቢነገር አይከፋም። ክቡር ዶክተር ሐዲስ በዚህ መጽሐፍ ሞክሼ ፊደሎችን ቀንሰው፣ ጠብቆ ለሚነበበውም ፊደል ነጥብ ጨምረው አሳትመዋል። ነጥቡ መልካም ነው፤ ንባብ ያቃናል። የፊደሎቹ መቀነስ ግን ለግእዝ ተማሪ ከባድ ነው፤ ሠረቀ በንጉሡ «ሠ» ሲጻፍና ሰረቀ በእሳቱ «ሰ» ሲጻፍ አንዱ ወጣ ማለት፣ ሁለተኛው ሌባ ሆነ ማለት ነውና። ከዲማ ጉባኤ የወጣ ሰው ይህን ሳያውቅ አላደረገውም፤ ለብዙው አንባቢ እንዲቀል ብሎ አደረገው እንጂ። መምህራኑ ቢያዩት ግን ምን ባሉ ነበር ብሎ ማሰብ አይቀርም።

የመጽሐፉ ሌላው ታሪካዊ ወገን የባላገሩ ዐመፅ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ በላይ ግብር በጠየቀ ጊዜ ባላገሮቹ አበጀ በለውን አለቃ አድርገው እምቢ አሉ፤ ጌታው ቢዘምትባቸው ድል ሆነ። ይህ ክፍል በመጽሐፉ ውስጥ ከፍቅሩ ተለይቶ የገባ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ነው። ሰውን ሁሉ በዘሩ እየመዘነ ዝቅ የሚያደርግ ጌታ፣ አማችነትን ከከለከለው ተማሪ በፊት ልጓም የያዘው ገበሬውን ነውና። መጽሐፉ ከታተመ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የሞጣና የቢቸና ባላገሮች በእርግጥ ተነሡ። ገንዘቡ ብቻ አልነበረም ያስቈጣቸው፤ መሬታችን ሲለካ ርስታችን ሊወሰድ ነው ብለው ፈሩ። መንግሥት ጦር ላከ፤ በመጨረሻው ግን ውዝፉን ግብር ሳያስከፍል ተወው። የዲማ አገር ሰዎች መጽሐፉን አንብበው ተነሡ ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ አላነበቡትም። ደራሲው ግን የአገራቸውን ገበሬ ያውቁት ነበር። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ርስትም ጉልትም በአንድ ቀን ቀሩ፤ ፊታውራሪ መሸሻ የሚቈጥረው አጥንት መሬት አልባ ሆነ።

መጽሐፉን ማንበብ ያልቻለው ሕዝብ የሰማው በኋላ ዘመን በሬድዮ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው በየከተማው ሰው ሥራውን ትቶ ያደምጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ፊታውራሪ የሚባል ሹመት ቀርቷል፤ የሚያለቅሱት ሰዎች ግን በዛብህ ባይሆኑ እንኳ የሴት ልጅ አባቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከሽማግሌ ላኪዎች ፊት «የማን ልጅ ነው?» ብለው መጠየቃቸውን አልተዉም ነበር።

በጎጃም ደብሮች ጌታ ሲሞት በቅጥሩ ውስጥ፣ ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ይቀበራል፤ ድኃው ከዳር ነው። ፊታውራሪ መሸሻም ለራሱና ለልጁ በዲማ እንዲህ ያለ ስፍራ ያስብ እንደ ነበር መገመት ይቻላል። የመጽሐፉ ፍጻሜ ግን የባላባቷን ልጅና የማንኩሳውን ተማሪ፣ ከእነርሱም ጋር ጉዱ ካሣን፣ ከዲማም ከማንኩሳም አርቆ፣ ትውልዳቸውን የሚያውቅ ሰው በሌለበት አገር፣ በአንድ መቃብር አኖራቸው።